ቤተሰብን ለማገናኘት ስንት ፓውንድ ይበቃል?

ባሕር ማዶ የሚኖር የትዳር ጓደኛና ልጅ ያለው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ «በዝቅተኛ ዋጋ የሚገኘው ቪዛ የትኛው ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ከክፍያ ሠሌዳ ላይ አይነበብም፤ በሠሌዳው ላይ አነስተኛ መስሎ የሚታየው ዋጋ በመጨረሻው ከሁሉ የከበደ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነውና። ከወጣት ሠራተኞቻችንና ከተማሪዎቻችን መካከል የትዳር ጓደኛው በእንግሊዝ አገር የሚኖር፣ ወይም ራሱ ለትምህርት ወደዚያው ለመሄድ የሚሰናዳ ሰው ስለሚገኝ፣ የዛሬው ጽሑፋችን የእንግሊዝን ሕግ ይመረምራል። የሚጠቀሱት ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እስከ 2012 ድረስ ሕጉ የሚጠይቀው፣ ቤተሰቡ ያለ መንግሥት ድጎማ ለመኖር የሚችል መሆኑን ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት በጁላይ ወር፣ ወይዘሮ ቴሬዛ ሜይ የአገር ግዛት ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ፣ ነገሩ ወደ ቁርጥ አኃዝ ተለወጠ። የትዳር ጓደኛውን ከውጭ ለማስመጣት የሚፈልግ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ በዓመት 18,600 ፓውንድ ገቢ ያለው መሆኑን በማስረጃ እንዲያረጋግጥ ታዘዘ። ቪዛ የሚያስፈልገው ልጅ ያለ እንደሆነ ለመጀመሪያው 3,800፣ ለተከታዮቹ ለያንዳንዳቸው 2,400 ፓውንድ ይጨመርበት ነበር። የሕጉ ደጋፊዎች ምክንያት፣ አዲስ የሚገባው ቤተሰብ በግብር ከፋዩ ላይ ሸክም እንዳይሆን የሚል ነው። ምክንያቱ ከንቱ ነው ለማለት አይቻልም። ነገር ግን የሎንዶን የቤት ኪራይና የሰሜን እንግሊዝ የቤት ኪራይ የሰማይና የምድር ያህል ተራርቆ ሳለ፣ ለሁሉም አንድ አኃዝ መቁረጥ የኑሮን ልክ ሳይሆን የደመወዝን ልክ ብቻ መመልከት ነው።

ውጤቱም ወዲያው ታየ። በ2015 የእንግላንድ የሕፃናት ኮሚሽነር ያስጠናው ጥናት፣ እስከ 15,000 የሚደርሱ ሕፃናት በዚህ ሕግ ምክንያት ችግር እንደ ደረሰባቸው ገመተ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ አባታቸውን ወይም እናታቸውን በስካይፕ መስታወት ብቻ የሚያውቁ ስለሆኑ «የስካይፕ ቤተሰቦች» የሚል ስም ወጣላቸው። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በፌብሩዋሪ 2017 ተፈረደ። ዳኞቹ የገቢ ወሰን መኖሩን በመሠረቱ ሕጋዊ ነው አሉ፤ ነገር ግን ደንቡ የሕፃናትን ጥቅም በሚገባ አልጠበቀም፣ ሌላ የገቢ ምንጭም መታየት ይገባዋል ሲሉ ነቀፉት። በዚሁ መሠረት በኦገስት 2017 ደንቡ ተሻሻለ፤ ቪዛውን መከልከል በልጁ ላይ ከባድ ጉዳት የሚያደርስ ሲሆን፣ የዘመድ ርዳታንና የመሰለውን ሁሉ መርማሪው እንዲመለከት ተፈቀደ። በዚህ በር የገባ ሰው ግን ቋሚ መኖሪያ የሚያገኘው በአምስት ዓመት ፈንታ በአሥር ዓመት ነው፤ በየጊዜው የማደሻውን ክፍያ እየከፈለ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጭማሪ ድንገተኛ ነበር። በዲሴምበር 2023 ሚስተር ጄምስ ክሌቨርሊ ወሰኑ እስከ 38,700 ፓውንድ እንደሚወጣ አስታወቁ። ጩኸት ስለ በዛ በደረጃ ይሁን ተባለና በኤፕሪል 11 ቀን 2024 ወደ 29,000 ከፍ አለ፤ የልጆቹ ተጨማሪ ሒሳብ ግን ተሠረዘ። በጁላይ 2024 ሥልጣን የያዘው የሌበር መንግሥት ቀሪውን ጭማሪ አግዶ ነገሩን ለስደት ጉዳይ አማካሪ ኮሚቴ መራው። ኮሚቴው በጁን 2025 ባወጣው ሪፖርት 38,700ውን ነቀፈ፤ ከሰብዓዊ መብት ግዴታ ጋር ሊጋጭ ይችላል አለ። ካቀረባቸውም አማራጮች አንዱ ከ23,000 እስከ 25,000 ፓውንድ ያለው ወሰን ነው።

የዚህን አኃዝ ፍሬ ነገር ለመረዳት አንድ ቀላል ስሌት ይበቃል። በኤፕሪል 2025 የተወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 12.21 ፓውንድ ነው። በሳምንት አርባ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ የሠራ ሰው 25,400 ፓውንድ ያህል ያገኛል። እንግዲህ መንግሥት ራሱ «ይህ ለአንድ ሠራተኛ የተገባ ደመወዝ ነው» ብሎ የወሰነለት የሆቴል ሠራተኛ ወይም የመጋዘን ጠባቂ፣ አንድ ቀን ሳይቀር ሠርቶ ሚስቱን ለማስመጣት 3,600 ፓውንድ ይጎድለዋል። ሥራ ፈት አይደለም፤ ድጎማ ጠያቂም አይደለም። በእኛ አስተያየት የሕጉ ጉድለት እዚህ ላይ ነው። የሚስቱ ደመወዝ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ምንም ያህል ከፍ ቢል አይቆጠርም፤ እንግሊዝ አገር ገብታ የምታገኘውም ሥራ እንደዚሁ።

የጎደለውን በተቀመጠ ገንዘብ መሙላት ይቻላል፤ ስሌቱ ግን ያስገርማል። የመጀመሪያው 16,000 ፓውንድ ከቁጥር አይገባም። ከዚያ በላይ የጎደለው ገንዘብ በሁለት ከግማሽ ይባዛል። በዓመት 25,000 የሚያገኝ ሰው 4,000 ስለሚጎድለው፣ 10,000 እና 16,000 በድምሩ 26,000 ፓውንድ በባንክ ሊኖረው ይገባል፤ ገንዘቡም ስድስት ወር የተቀመጠ መሆን አለበት። ጨርሶ ገቢ የሌለው ሰው የሚጠየቀው 88,500 ፓውንድ ነው።

አሁን ወደ ክፍያው እንመለስ። በኤፕሪል 2025 በወጣው ታሪፍ ከውጭ ለሚቀርብ የትዳር ጓደኛ ማመልከቻ 1,938 ፓውንድ ይከፈላል። ቪዛው ለሠላሳ ሦስት ወር ቢሆንም የጤና አገልግሎት ክፍያው የሦስት ዓመት ሆኖ ስለሚታሰብ፣ በዓመት 1,035 ሒሳብ 3,105 ፓውንድ ይጨመራል። ለአንድ ሰው 5,043 ፓውንድ መሆኑ ነው። ልጁም ቪዛ የሚያስፈልገው ከሆነ 1,938 እና 2,328፣ በድምሩ 4,266 ይመጣል፤ የእናትና የልጅ 9,309 ፓውንድ። ከዚያም ማደሻውና የቋሚ መኖሪያው ሲታከል ለአዋቂው ብቻ እስከ አምስተኛው ዓመት 12,000 ፓውንድ ያህል ይወጣል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት መመርመር ያለበት የልጁ ዜግነት ነው። ልጁ የተወለደው አባቱ ወይም እናቱ እዚያው በመወለድ ወይም ዜግነት በመቀበል እንግሊዛዊ ከሆኑ በኋላ እንደሆነ፣ በውጭ አገር ቢወለድም በሕግ እንግሊዛዊ ነው፤ ከጁላይ 2006 ወዲህ ለተወለደ ልጅ ወላጆቹ ባይጋቡም እንኳ የአባትነቱ ማስረጃ ይበቃል። እንዲህ ያለው ልጅ የሚያስፈልገው ፓስፖርት እንጂ ቪዛ አይደለም። ወላጁ ዜግነት ከማግኘቱ ከአንድ ወር በፊት የተወለደ እንደሆነ ግን ይህ አይሠራም። ይህን ሳያጣሩ ለማያስፈልግ ቪዛ አራት ሺህ ፓውንድ መክፈል በጣም ያሳዝናል።

ሁለተኛው በር ለስፖንሰሩ የተመለከተ ነው። ስፖንሰሩ በአካል ጉዳት ወይም የታመመ ሰው በማስታመም ምክንያት የሚከፈሉ የተወሰኑ አበሎችን የሚቀበል ከሆነ 29,000 አይጠየቅም፤ እንደ ቀድሞው ሕግ የቤት ኪራይ ከተቀነሰ በኋላ የሚተርፈው ለኑሮ መብቃቱ ብቻ ይታያል። ክፍያውን ለመክፈል ጨርሶ የማይችል ቤተሰብም ችግሩን በማስረጃ አስረድቶ ከክፍያ ነፃ እንዲደረግ ማመልከት ይችላል፤ የጤናው ክፍያም አብሮ ይቀራል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

ርካሽ መስለው ከሚያሳስቱት ደግሞ ሁለቱን እንጥቀስ። የስድስት ወር የጎብኝ ቪዛ በ2025 ታሪፍ 127 ፓውንድ ብቻ ነው። ነገር ግን በጎብኝነት የገባ ሰው እዚያው ሆኖ ወደ ትዳር ቪዛ መለወጥ አይችልም፤ ተመልሶ ከውጭ ማመልከት አለበት። የእጮኛ ቪዛም ሲገቡ 1,938 ብቻ ስለሚከፈልበት ያማልላል። ሆኖም ባለቪዛው ስድስት ወር ሙሉ ሥራ መሥራት አይፈቀድለትም፤ ከሠርጉ በኋላም እዚያው 1,321 እና 2,587 ፓውንድ ከግማሽ ይከፍላል። ጠቅላላው 5,846 ስለሚሆን፣ አስቀድሞ ተጋብቶ ከማመልከት 800 ፓውንድ ያህል ይበልጣል።

ለተማሪዎች የሚሆነው ነገር አጭር ነው። ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ ለተራው የማስተርስ ትምህርት የሚሄድ ሰው ሚስቱንና ልጁን ይዞ መግባት ተከልክሏል፤ የተፈቀደው ለዶክትሬትና ለምርምር ትምህርት፣ እንዲሁም በመንግሥት ወጪ ለሚማሩ ነው። የትምህርት ዕድል የሚመርጥ ባለትዳር ይህን ከዩኒቨርሲቲው ስም በፊት ይመልከት።

ስደተኞችን በሚመለከት ግን የተዘጋ በር አለ። ጥገኝነት የተሰጠው ሰው የትዳር ጓደኛውንና ልጆቹን ያለ ክፍያና ያለ ገቢ ወሰን የሚያስመጣበት ሥርዓት ነበር። መንግሥት በሴፕቴምበር 4 ቀን 2025 አዲስ ማመልከቻ መቀበሉን አገደ። በዚያ ቀን በረሃና ባሕር አቋርጦ የገባው ሰው ከባንክ ሠራተኛው ጋር በአንድ የገቢ መስፈሪያ ተሰፈረ።

እንግሊዞች ራሳቸው አንድ ጊዜ መሹለኪያ አግኝተው ነበር። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ1992 በሱሪንደር ሲንግ ጉዳይ በሰጠው ፍርድ መሠረት፣ በሌላ የኅብረቱ አገር ሠርቶ የሚመለስ ዜጋ ሚስቱን በአውሮፓ ሕግ ይዞ ሊገባ ይችል ነበር፤ ብዙዎችም ወደ አየርላንድ ለጥቂት ወራት እየሄዱ በዚሁ ተጠቀሙ። እንግሊዝ ከኅብረቱ ስትወጣ ይህም ተዘጋ። በጎረቤት ጀርመን የቪዛው መደበኛ ክፍያ 75 ዩሮ ሲሆን፣ የጀርመናዊ ሕፃን አባት ወይም እናት ልጁን ለማሳደግ ሲገባ የገቢ ማስረጃ አይጠየቅም። ሁለቱም ሀብታም አገሮች ናቸው፤ ልዩነቱ የገንዘብ እጥረት ያመጣው አይደለም።

ለማመልከት የቆረጠ ሰው ሥራውን በቅደም ተከተል ቢያስኬድ ይጠቅመዋል። የባንክና የደመወዝ ማስረጃው የስድስት ወር ስለሆነ እርሱ ይቅደም። በእንግሊዝኛ ያስተማረ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያለው ሰው የቋንቋ ፈተና ከመመዝገቡ በፊት፣ ኤክቲስ በተባለው ድርጅት ዲግሪውን አስመስክሮ ከፈተናው ሊድን እንደሚችል ያጣራ። የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀቶች ይተርጐሙ። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራው የሚጸናው ስድስት ወር ብቻ ስለሆነ ወደ መጨረሻው ይደረግ፤ የባንኩም መግለጫ ማመልከቻው ከሚገባበት ቀን በፊት ባሉት ሃያ ስምንት ቀናት ውስጥ የተጻፈ ይሁን።