አመዱን አትድፊው

ዛሬ ስለ ኩበት እንጫወት።

ሣር በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ይሠራል፤ ላም ሣሩን ትበላለች። ከበላችው ኃይል ከፊሉ ለመተንፈስ፣ ለመንቀሳቀስና ሰውነቷን ለማሞቅ ያልቃል። ከፊሉ ከእበቱ ጋር ይወጣል፤ ኩበት የሚነደውም ለዚህ ነው። ሙቀት ሆኖ የሄደ ኃይል ተመልሶ ሣር አይሆንም። ፀሐይ በየቀኑ አዲስ ትሰጣለች።

ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ግን በየቀኑ አዲስ አይመጡም። ከአፈር ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ ላም፣ በእበት ደግሞ ወደ አፈር ይመለሳሉ። ይህ ምልልስ የሚቋረጠው ምድጃችን ላይ ነው። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ በአብዛኛው ከጭሱ ጋር ይበናል፤ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ አመዱ ውስጥ ይቀራሉ። እንጀራው ዛሬ ይጋገራል፤ ማሳው ግን ለከርሞ ይራባል።

እህቴ፣ ሌላ ማገዶ ከሌለሽ ኩበት አታንጂ አልልሽም። አመዱን ግን መንገድ ላይ አትድፊው፤ ጓሮሽ ውስጥ በትኚው። ወንድሜ፣ አንተም በአጥርህ ዙሪያ የማገዶ ዛፍ ትከል፤ የተረፈውን እበት ከቅጠልና ከአትክልት ልጣጭ ጋር አበስብሰህ ለማሳህ መልስለት። ዛሬ ማታ ተመካከሩበት፤ ልጆቻችሁ የሚወርሱት ይህንኑ አፈር ነው።