መንገዱ አንድ፣ ከተማው ብዙ



ባለፈው እሑድ ከስምንት ዓመቱ የልጅ ልጄ ጋር ደጃፍ ተቀምጠን ድንች የጫነ አይሱዙ ሲያልፍ እናያለን። «እማማ፣ ይኼ አስፋልት የማን ነው?» አለኝ። «የመንግሥት» ብዬ ልገላገለው ስል፣ «የደብረ ታቦር ነው የወረታ?» ብሎ ያዘኝ። መልስ አጥቼ ዝም አልሁ። ጥያቄው ግን ጡረታ ሳልወጣ ያሳለፍኋትን አንዲት ቀን አስታወሰኝ።

አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም ብሎ ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ተባለችና በአምቡላንስ ይዣት ወረድሁ። ግሉኮሱ ተሰቅሏል፤ እኔ ማሕፀኗን በእጄ እያሸሁ ነው፤ እናቷ እግሯ ሥር ቁጭ ብለው ማርያምን ይማጸናሉ። እንዲህ ያለ መድማት በሁለት ሰዓት ውስጥ ነፍስ ሊነጥቅ ይችላል። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገድ ላይ ካሉት ከተሞች አንዷ ስንደርስ የገበያ ቀን ኖሯል። አህያው፣ የእህሉ ጆንያ፣ ሽንኩርት የዘረጋው ሁሉ አስፋልቱ ላይ ነው። ሾፌራችን ሳይረኑን ቢያስጮኸው ሰው ወዴት ይሂድ? ግራና ቀኙ ቦይ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል እዚያው ቆምን። የልጅቱ ከንፈር ነጣ። «ሲስተር፣ በረደኝ» አለችኝ። ያቺን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፋለች። ስንመለስ የዚያችን ከተማ ትራፊክ ፖሊስ አስቁሜ በንዴት ነገርሁት። ልጁ ጨዋ ነበር። «ሲስተር፣ ከመነሳታችሁ በፊት ብትደውሉልን እኮ መንገዱን እናስከፍትላችሁ ነበር» አለኝ። «ቁጥራችሁን ማን ሰጠን?» አልሁት። እሱም ዝም አለ፣ እኔም ዝም አልሁ። ጥፋቱ የሁለታችንም ነበራ! ያን ቀን ቁጥሩን ጽፌ አምቡላንሱ ውስጥ ለጠፍነው። ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን ስንወጣ ቀድመን እንደውላለን፤ ስንደርስ መንገዱ ተከፍቶ ይጠብቀናል። የሁለት ከተማ ትብብር ሲባል የምሰማው በአንዲት ስልክ ቁጥር የተጀመረውን ይህንኑ ነው።

ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አልፎ ወልድያ የሚገባው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደርግ ዘመን ቻይናዎች ስለሠሩት ብዙ ሰው «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ዋናው መስመር የፌዴራሉ መንገዶች አስተዳደር ነው፤ የውስጥ ለውስጡ የማዘጋጃ ቤት ነው፤ ቁጥጥሩ የየከተማው ትራፊክ ፖሊስ ነው። አስፋልቱ ግን የየከተማውን መሐል ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ሁሉም የየራሱን ቁራጭ ብቻ ሲያይ፣ መንገደኛው ግን አንዱን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄድበታል።

ከዚሁ ከደብረ ታቦር ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን ይዘው ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ መድፉ የሚያልፍበትን መንገድ እየጠረጉ ወራት ፈጅቶባቸዋል። ራሳቸውም ድንጋይ እያነሱ ከሠራተኛው ጋር ይውሉ ነበር። የዚያን ጊዜ መንገድ በአንድ ንጉሥ ትእዛዝ ተጠርጓል። የዛሬው ግን ብዙ ባለቤት ስላለው በምክክር ካልሆነ አይቃናም።

ታዲያ ምን ይማከሩ? እኔ ከአምቡላንስ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ።

አንደኛው ፍተሻ ነው። ከደብረ ታቦር ወረታ 42 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከደጋው ወደ ፎገራ ሜዳ ትወርዳላችሁ። ጭነት የከበደው መኪና ቁልቁለቱን ሲጨርስ ፍሬኑ ግሏል። ላይኛው ከተማ ሳይፈትሽ የለቀቀውን መኪና ታችኛው ከተማ በልጆቹ ይቀበለዋል። ስለዚህ ደብረ ታቦር ላይ የሚደረግ የፍሬን ፍተሻ የወረታን ተማሪ ያድናል።

ሁለተኛው ብሬከር ነው። አንዱ ከተማ ቀለም ቀብቶ ምልክት ይተክላል፤ ሌላው አፈር ቆልሎ ይተወዋል። የጉና ጉም ሲወርድ ሾፌሩ የሚያየው ከላዩ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ምጥ ለያዛት ሴት ወይም አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ያ ንጠት ምን እንደሆነ የምናውቀው አብረን የተሳፈርን ነን። በመስመሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ቢሆን፣ አንድ ዓይነት ምልክት ቢኖረው፣ ሾፌር ይለምደዋል።

ሦስተኛው የገበያና የበዓል ቀን ነው። የእኛ ጥር 25 የመርቆሬዎስ የፈረስ ጉግስ፣ የነሐሴው ቡሄ፣ የየከተማው ገበያ ሁሉም ቀኑ ይታወቃል። የቡሄ ሰሞን ልጆች አስፋልት ላይ ጅራፍ ሲያጮኹ መኪና አይሰሙም። ቀኖቹ በአንድ ወረቀት ተጽፈው በየመናኸሪያው፣ በየጤና ተቋሙና በየትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ ቢለጠፉ፣ ሥሩም ስልክ ቁጥር ቢኖረው ምን ያህል ወጪ አለው?

ገበሬዎቻችን ወንፈልን ያውቁበታል፤ ዛሬ ያንተን እናርማለን፣ ነገ የእኔን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ከተሞቻችንም እንደዚያው ይሁኑ።

እናንተ ወላጆችና አያቶች ደግሞ ሦስት ነገር አድርጉ። በቀበሌ ስብሰባ ላይ «ከጎረቤት ከተማ ጋር ስለ መንገዱ መቼ ተነጋገራችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ገበያ ስትወጡ ዕቃችሁን ከአስፋልቱ አርቁ፤ የሚያልፈው አምቡላንስ የማንን ልጅ እንደያዘ አታውቁምና። ትንንሾቹን ደግሞ እጃቸውን ይዛችሁ አሻግሩ።

የልጅ ልጄን ትናንት ማታ ጠርቼ መለስሁለት። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የመንገድ ፈንድ የሚባል አለ፤ ከነዳጅ ዋጋ ላይ ለመንገድ ጥገና ይሰበስባል። «እኔና አንተ በባጃጅ ስንሳፈርም እንከፍላለን። ስለዚህ መንገዱ ያንተ ነው፤ ወረታ ላለው ልጅም የሱ ነው» አልሁት። ትንሽ አሰበና «እንግዲያው አብረን እንጠብቀው» ብሎኝ ተኛ።