ዶርሞቹ ሳይሞሉ ይታደሱ

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ሲጀምር የማለፊያ ውጤት ያመጡት የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ደርሰዋል። በሪሚዲያል ፕሮግራም አልፈው የሚገቡም አሉ። የውጤቱ መሻሻል የሁላችንም ምኞት ነው። ምኞቱ ሲሰምር ግን ልጆቹ የት ያድራሉ?

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ እስኪደርሱ ድረስ ቅድሚያ ያገኘው የቅበላ ቁጥር ነበር። ተማሪ በበዛ ቁጥር ተደራራቢ አልጋ ይጨመርና የክፍሉ አቅም እንዳደገ ይቆጠራል። ሽንት ቤቱ፣ የውኃ መስመሩና የኤሌክትሪክ ዝርጋታው ግን ባሉበት ይቀራሉ። ውኃ ላይኛው ፎቅ ስለማይደርስ ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ መውጣት በየግቢው የተለመደ ሆኗል።

እድሳቱ መጀመር ያለበት ዛሬ፣ የሚያልፈው ተማሪ ገና ጥቂት ሳለና አልጋዎቹ ሞልተው ሳይጨናነቁ ነው ብለን እናምናለን። የሞላ ሕንፃ ለእድሳት አይለቀቅም። ክረምትን መጠበቅም አያዋጣም፤ ወቅቱ የዝናብ ነው፣ ዶርሞቹም የ12ኛ ክፍል ተፈታኞችን ያስተናግዳሉ። የሚሻለው በየተራ አንድ አንድ ብሎክ እየለቀቁ፣ ከውኃና ከፍሳሽ መስመር ጀምሮ ማደስ ነው።

ገንዘቡ ለቤተ ሙከራና ለመምህራን ይዋል የሚሉ ወገኖች ሥጋታቸው ይገባናል። ነገር ግን ተማሪውን ከቤተሰቡ አርቆ የሚመድበው መንግሥት ነው፤ የገበሬ ልጅም በማያውቀው ከተማ ቤት ተከራይቶ መማር አይችልም። ደግሞም መኝታው ምጽዋት አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የወጪ መጋራት ሥርዓት ምሩቃን የምግብና የመኝታ ወጪያቸውን መልሰው እንዲከፍሉ ውል ይገባሉ። ዕዳ የሚቆጠርበት አልጋ ለሰው የሚመች መሆን አለበት።

ስለዚህ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የዶርሞቹን አቅም በአልጋ ብዛት ሳይሆን በውኃ፣ በሽንት ቤትና በአየር ዝውውር ለክቶ ለሕዝብ ይፋ ያድርግ። ከእድሳቱ በኋላም ለጥገና ራሱን የቻለ፣ ወደ ሌላ ሥራ የማይዛወር በጀት ይያዝ። አካል ጉዳተኞች የሚኖሩባቸው የምድር ቤት ክፍሎችና የሴቶች ብሎኮች ቀድመው ይታደሱ። ትምህርት ሚኒስቴርም ተማሪ ሲመድብ ይህንኑ የተለካ አቅም መሠረት ያድርግ፤ ከዚያ በላይ መላክ ሲፈልግ መጀመሪያ ማደሪያውን ያሠራ።