335 ግራም ሽጉጥ ቦርሳዬ ውስጥ አይገባም

ዘንድሮ የኤንቻንትመንትስ ዕጣ ደረሰን። ለማታውቁት፣ ኤንቻንትመንትስ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ከሲያትል በስተምሥራቅ ካስኬድ ተራሮች ላይ ያለ የሐይቆች ሰንሰለት ነው። በሰመር እዚያ ድንኳን ተክሎ ለማደር ዕጣ መግባት ግድ ነው፣ ለዓመታት ሞክሮ የማይደርሰው ብዙ ሰው አለ። እኛ አራት ነን። አራታችንም ሐበሻ፣ አራታችንም ኮድ እየጻፍን የምንኖር። ዕጣው በደረሰን ማግስት አንዱ ጓደኛችን የኤክሴል ፋይል ላከልን። ድንኳኑ ይህን ያህል ግራም፣ ስሊፒንግ ባጉ ይህን ያህል፣ ምድጃው፣ የውሃ ማጣሪያው፤ የጥርስ ብሩሹ እንኳ እጀታው ተቆርጦ ተመዝኗል። 23ኛው መስመር ላይ ደግሞ «ሽጉጥ፣ 335 ግራም» ይላል።

አይቼ ሳቅሁ። እሱ ግን የምሩን ነው።

ቦርሳ አዝለው ጫካ የሚያድሩ ሰዎች ስለ ሽጉጥ ሲያወሩ ሰምታችሁ ከሆነ ወሬው ሁሌም እዚሁ ነው የሚያልቀው፤ ከሁሉ የሚቀለው የቱ ነው? መልሱም ብዙ ጊዜ ሪቮልቨር ነው፣ አያቶቻችን ኮልት የሚሉት ዓይነት። ጓደኛዬ የመረጠው የስሚዝ ኤንድ ዌሰን 340ፒዲ የሚባለውን ነው። አካሉ አሉሚኒየም ከስካንዲየም ጋር ተደባልቆ የተሠራ፣ ጥይት መጉረሻው ታይታኒየም፣ አምስት ጎራሽ። .357 ማግነም የሚባለውን ኃይለኛ ጥይት ይተኩሳል። እጃችሁ ላይ ስታስቀምጡት መጫወቻ ይመስላል። ዋጋው ግን ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ነው።

እኔ የምለው፣ ይህ ሽጉጥ በክብደት ዓምድ የተመረጠ ስለሆነ ብቻ የተሳሳተ ምርጫ ነው። ጫካ ሽጉጥ መያዝ በራሱ ስህተት ነው አልልም፣ እሱ ሌላ ክርክር ነው። ቀላል መሆኑን እንደ ጥቅም የቆጠረ ሰው ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው አልሠራም።

ኢንጂነሪንግ አንደኛ ዓመት ላይ የተማርነውን እናስታውስ። ጥይቱ ወደ ፊት የሚሄድበት ሞመንተም ሽጉጡ ወደ ኋላ ከሚመጣበት ጋር እኩል ነው። ይህን ሞመንተም የሚወስነው ጥይቱ ነው፣ ሽጉጡ አይደለም። ሽጉጡ ይዞት የሚመለሰው ጉልበት ግን በክብደቱ ይካፈላል፤ ክብደቱን በግማሽ ብትቀንሱት መዳፋችሁን የሚመታው ጉልበት እጥፍ ይሆናል። ሩገር ጂፒ-100 የሚባለው የብረት ሪቮልቨር 1.1 ኪሎ ገደማ ነው። ያንኑ ጥይት በ335 ግራሙ ስትተኩሱት የሚመታችሁ በሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ስካንዲየም ይህን ሕግ አያሻሽለውም።

ይህንን በወረቀት ብቻ አይደለም የማውቀው። አንድ ቅዳሜ ጓደኛዬ «ና ሞክራትና ታምናለህ» ብሎ ኢላማ መተኮሻ ቦታ ወሰደኝ። ወረቀቱ ሰባት ሜትር ላይ ተሰቀለ። የመጀመሪያውን ስተኩስ እጄን በመዶሻ የተመታሁ መሰለኝ። ሁለተኛው ላይ ቃታውን ከመሳቤ በፊት ዓይኔን ጨፈንኩ፣ በማላውቀው ምክንያት ትንፋሼንም ያዝኩ። አምስቱን ጨርሼ ወረቀቱን ስናመጣው ሁለት ቀዳዳ ነበረበት፣ አንደኛውም ጠርዙ ላይ። አውራ ጣቴ ሥር ያለው ቆዳ ተልጦ ነበር።

«አንተስ ስንት ተኩሰህበታል?» አልኩት።

«ከገዛሁት ጀምሮ? አሥር ገደማ» አለ። «ያማል እኮ።»

ለእኔ ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ። ሥራ ቦታ ባክአፕ አለን የሚል ግን አንድም ቀን መልሶ ጭኖ የማያውቅ ቡድን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፣ እንዴት እንዳለቀም አይቻለሁ። ሲተኩሱት ስለሚያም የማይለማመዱበት ሽጉጥ ያው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል የሚሞከረው እጅ በሚንቀጠቀጥበት፣ በመሸበት፣ በጣም አስፈላጊ በሆነበት ሰዓት ነው።

ሌላም አለ። እንዲህ የቀለለ ሪቮልቨር ሲተኮስ ከመንቀጥቀጡ የተነሳ ገና ባልተተኮሱት ጥይቶች ላይ ያለው እርሳስ ከቀለሁ ወደ ፊት ሾልኮ ይወጣና መጉረሻው እንዳይሽከረከር ያደርጋል። አምራቹ ራሱ ከ120 ግሬን በታች የሚመዝን እርሳስ ያለው ማግነም እንዳይተኮስበት ያስጠነቅቃል። ሪቮልቨር የሚወደደው «አይነክስም» ተብሎ ነው፤ ግራም ለመቀነስ ሲባል ያ አስተማማኝነቱም አብሮ ተቀነሰ ማለት ነው። «ለስለስ ያለውን .38 ጫንበት» የሚል አለ። ጥሩ፣ ግን ለ.38 ከሆነ በግማሽ ዋጋ የሚገኝ፣ ክብደቱም ከ400 ግራም የማይበልጥ ሩገር ኤልሲአር አለላችሁ። ማግነሙ ታዲያ ለምን ተገዛ? ለኤክሴሉ ነው።

ለማንኛውም፣ የምንተኩሰው በማን ላይ ነው? «በድብ» ይላል ጓደኛዬ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) በዋሽንግተን ስቴት ጥቁር ድብ ሰው መግደሉ የተመዘገበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም በ1974። የተራራ አንበሳ በ2018 ኖርዝ ቤንድ አጠገብ አንድ ብስክሌተኛ ገድሏል፤ በስቴቱ በ94 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነበር። በ2010 ኦሊምፒክ ናሽናል ፓርክ ውስጥ ሰው የገደለውስ? የተራራ ፍየል ነው። ኤንቻንትመንትስ ላይ ደግሞ የሞላው ፍየል ነው፣ ጨው ፍለጋ ሽንት የሸናችሁበት ድረስ ይከተላችኋል። ለፍየል ማግነም የሚያዝል ሐበሻ ካለ ቢያንስ ክትፎ ቢላዋም ይያዝ።

ድቡን ከምር ከወሰድነው ደግሞ ከምር እንውሰደው። ቶም ስሚዝና ስቲቨን ኸሬሮ የሚባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር አላስካ ውስጥ የተመዘገቡ የሰውና የድብ ግጭቶችን አጥንተዋል። በ2008 ባወጡት ጥናት የድብ ስፕሬይ ቡናማ ድብን ከመቶ 92 ጊዜ መልሷል፣ በቅርብ ርቀት ስፕሬይ ይዘው ከነበሩት ሰዎችም 98 ከመቶው ምንም አልተጎዱም። በ2012 ስለ ጦር መሣሪያ ባወጡት ደግሞ ሽጉጥ ከመቶ 84 ጊዜ ሠርቷል። አልደብቅም፣ 84 ትንሽ ቁጥር አይደለም። ግን እዚያው ጥናት ላይ መሣሪያቸውን በተኮሱትና ይዘው ሳይተኩሱ በቀሩት ሰዎች መካከል የጉዳት ልዩነት አልተገኘም። ስፕሬዩ ከነቆርቆሮው 300 ግራም ገደማ ነው፣ ማለትም ከሽጉጡ ጋር እኩል። ዋጋው ሃምሳ ዶላር አካባቢ ሆኖ ኢላማ መምታት አይጠይቅም፣ ደመና ነው የሚተፋው። ውስጡ ያለውም በርበሬን የሚያቃጥለው ያው ንጥረ ነገር ነው። ሚጥሚጣ እየበላን አድገን በሚጥሚጣ አለማመናችን ይገርማል።

አላስካ ውስጥ ሳልሞን በሚወጣባቸው ወንዞች ዳር የሚሠራ፣ ትልቁን .44 በየሳምንቱ የሚለማመድ ሰው ይህን ቢያነብ፣ ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም። እሱ ግን ሽጉጡን ከጥርስ ብሩሽ ጋር አልመዘነም።

እኛ የምንሄድበት ቦታ ሰው የሚገድለው መውደቅ፣ ውሃና ብርድ ነው። አስጋርድ ፓስ የሚባለው አቀበት ከኮልቸክ ሐይቅ ተነስቶ ስድስት መቶ ሜትር ያህል በድንጋይ ላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ስልክ አይሠራም። በሳተላይት መልእክት የሚልከው ትንሹ ኢንሪች 100 ግራም ነው። ፋይሉን ፈለግኩ፣ የለበትም። «ከብዶ ነው» አለኝ። ባለ 335 ግራሙ ሰውዬ!

አንድ ማታ ቡና ላይ ተሰብስበን በቀጥታ ጠየቅኩ። «ስሙ፣ እውነቱን እንነጋገር። ለድብ ነው ወይስ ለሰው?» ማንም አልመለሰም። አንዱ ስኒውን አሽከረከረ። ከዚያ ጓደኛዬ ቀስ ብሎ «አራት ጥቁር ወንዶች ነን፣ መኪና የምናቆመው የማናውቀው ሰው መሀል ነው» አለ።

ይህንን ፍርሃት አልስቅበትም። እኔም አለብኝ። ነዳጅ ማደያ ላይ ትልልቅ ባንዲራ የሰቀለ ፒክአፕ ጎኔ ሲቆም ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ግን ያቺ ሽጉጥ ከዚህ ፍርሃት የምታወጣን መስሎህ ከሆነ ወንድሜ፣ መንገዱን አስበው። ሲያትል ተነስተን ሌቨንወርዝ እስክንደርስ ሁለት ሰዓት ተኩል እንነዳለን። ፖሊስ ቢያስቆመን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራችን ምንድነው? በሐምሌ 2016 ሚኔሶታ ውስጥ ፊላንዶ ካስቲል ፈቃድ ያለው ሽጉጥ ይዞ ነበር፣ ለፖሊሱም መያዙን በአክብሮት ነገረው። በመኪናው ውስጥ፣ የሴት ጓደኛውና ትንሽ ልጇ ባሉበት ተገደለ። ፖሊሱ በዓመቱ ነፃ ወጣ። ከዚያ ወዲህ «ሕጋዊ ነኝ እኮ» የሚለው መልስ ለእኔ አይበቃኝም።

ደግሞ ከአራታችን አንዱ ኤች-ዋን-ቢ ቪዛ ላይ ነው። በፌዴራል ሕግ እንዲህ ዓይነት ቪዛ ያለው ሰው፣ እንደ አደን ፈቃድ ያሉ ጥቂት ነገሮች ካልተሟሉለት በቀር መሣሪያም ጥይትም መያዝ አይፈቀድለትም። ጫካ ውስጥ ቦርሳ ይለዋወጣል፣ ድንኳን የጋራ ነው። ጉልበትህን ሲያምህ «ይቺን ቦርሳ ያዝልኝ» የምትለው እሱን ነው፣ ከሁላችን ብርቱው እሱ ስለሆነ። የስንት ዓመት ትምህርትና ሥራ፣ እናቱ አዲስ አበባ ላይ የምትጠብቀው ብር፣ ይህ ሁሉ በስንት ግራም ነው የተመዘነው?

«ሰሜን ተራሮች ላይስ ያለ ስካውት ይወጣል እንዴ? ስካውቱስ ጠመንጃ ይዞ አይደል?» ብሎ ተከራከረኝ። ልክ ነው። እኔም ቡዋሂት ስወጣ አንድ አባት ጠመንጃቸውን እንደ ዱላ ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ በላስቲክ ጫማ ከፊቴ ሄደዋል። ሦስት ቀን ሙሉ ጠመንጃውን ሲነኩት ያየሁት ለማረፍ ሲደገፉበት ብቻ ነው። ዝናቡ መቼ እንደሚመጣ፣ የትኛው ወንዝ ከሰዓት በኋላ እንደማይሻገሩት፣ የትኛው እረኛ የማን ልጅ እንደሆነ ያውቁ ነበር። ያዳኑኝ ነገር ካለ እሱ ነው። እኛ ከእሳቸው ጠመንጃውን ብቻ ወስደን፣ እሱንም አቅልለን ልንሄድ ነው።

ፋይሉ ላይ 23ኛውን መስመር ሰርዤ «ኢንሪች 100፣ የድብ ስፕሬይ 300» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ሽጉጡ ተመልሶ ገብቷል። ስፕሬዩም እንዳለ ነው፣ ማንንም ላለማስቀየም ይመስለኛል።

ፈቃዱ በእኔ ስም ነው። ተለዋጭ መሪ ብዬ ያስመዘገብኩት ሰው ስለሌለ፣ እኔ ካልሄድኩ ማንም ድንኳን አይተክልም። ይህን ትናንት በጽሑፍ ነገርኩት፣ ቁጣ ሳልጨምር። ሽጉጡ መኪናው ውስጥ ከገባ እኔ ቤቴ ነኝ።

ሁለት ሰማያዊ ምልክት ይታያል፣ አንብቦታል። ጉዞው ነሐሴ ላይ ነው።