ስሙ ለጉጉት የተሰጠው በቀቀን አዳኝ

ጉጉት ጣሪያ ላይ ከጮኸ ሰው ይሞታል ተብሎ በሚታመንበት አገር ስለ ጉጉት መጻፍ ትንሽ ያስቃል። ይሁን፣ ፖለቲካውን ነገ እንመለስበታለን።

ፕሪንሲፔ በጊኒ ባሕረ ሰላጤ ያለች፣ 139 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የምትሰፋ ደሴት ናት። በደቡቧ፣ ሰው በማይኖርበት ደን ውስጥ ጉጉት እንዳለ የአካባቢው ሰዎች ለአሥርት ዓመታት ሲናገሩ ኖረዋል። ከነዚህ አንዱ ሴሲሊያኖ ዶ ቦም ጄሱስ፣ በቅጽል ስሙ ቢኬጂላ ነው። ድሮ ሥራው በቀቀን ማጥመድ ነበር፤ በኋላ የፓርክ ጠባቂ ሆነ። ያየውን ለተመራማሪዎች ነገራቸው፣ ጫካውንም አብሯቸው ዞረ። ወፉ መኖሩ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በ2022 አዲስ ዝርያ ተብሎ ሲመዘገብ ሳይንሳዊ ስሙ ኦተስ ቢኬጂላ ተባለ።

ወሬ ማስረጃ አይደለም የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ዝርያ ለመሰየም ላባ፣ የድምፅ ቅጂ፣ ዲኤንኤ ያስፈልጋል። ዲኤንኤው ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር ነው ያወጣው። ጎረቤት ደሴት ሳኦ ቶሜ ላይ ሌላ ትንሽ ጉጉት አለ፤ የፕሪንሲፔው የእሱ ቅርንጫፍ ነው ብሎ መገመት ቀላል ነበር። ግን አይደለም። የሳኦ ቶሜው ጉጉትና በአህጉሩ (በእኛም አገር) ያለው የአፍሪካ ትንሹ ጉጉት ከመለያየታቸው በፊት የፕሪንሲፔው የዘር ሐረግ ለብቻው ወጥቶ ነበር። ከዚያ ማታ ማታ ድምፁን እያዳመጡ ደሴቷን አሰሱ፤ ሰከንድ ገደማ እየቆጠረ «ቱ» ይላል። የተገኘው 15 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆን ደን ውስጥ ብቻ ነው፣ ቁጥሩም ከ1,000 እስከ 1,500 ይገመታል። በብዛት ከሚኖርበት ቦታ ከፊሉ ላይ አነስተኛ የኃይል ማመንጫ ግድብ ታቅዷል። ዝምድናና ስርጭት ማጥናት የቅንጦት የሚመስለው ካለ ይህን ያስብ፦ የሳኦ ቶሜው ወፍ ብጤ ነው ተብሎ ቢታለፍ ኖሮ ለግድቡ ማን ጥያቄ ያነሳ ነበር?

ወደ እኛ ስንመጣ፣ በደጋችን የሚኖር፣ ጆሮ የሚመስል ረጅም ላባ ያለው ጉጉት አለ፤ አሲዮ አቢሲኒከስ ይባላል። በስማችን የሰየመው ፈረንሳዊው ጌራን ሜንቪል ነው፣ በ1843። አንዳንድ ባለሙያዎች የአውሮፓው ጉጉት ንዑስ ዝርያ ነው ሲሉም ቆይተዋል። ባሌ፣ ዲንሾ ሄዶ ይህን ጉጉት ማየት የፈለገ ሰው የሚይዘው መጽሐፍ ሳይሆን የአካባቢውን አስጎብኚ ወይም ስካውት ነው። ቀን የሚተኛበትን ዛፍ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የነዚህ ሰዎች ስም ግን ጥናት ውስጥ ከገባ የሚገባው ምስጋና ላይ ነው፤ ያውም ተራኪው ካስታወሰ።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለዚህ ትልቅ በጀት አያስፈልጋቸውም። ስካውቱ ስልክ አለው፣ ስልኩ ድምፅ ይቀዳል። ማታ የሰማውን ከነቀኑና ከነቦታው ቢልክ የሚቀበለው ማን ነው? ስሙንስ ከጸሐፊዎቹ ተርታ የሚያስገባለት?