ርካሽ እጅ

ባለፈው ቅዳሜ ሱሪ ላሳጥር ልደታ ኮንዶሚኒየም ሥር ካለችው ልብስ ሰፊ ቤት ጎራ አልኩ። ሱሪዬን የተቀበለችኝ አዲስ ሠራተኛ ናት። እጇ ይፈጥናል።

«የት ተማርሽው?» አልኳት።

«ሐዋሳ፣ ፓርኩ ውስጥ ነው ጋሼ። አምስት ዓመት እጅጌ ሰፍቻለሁ።»

«እጅጌ ብቻ?»

«እጅጌ ብቻ። ሙሉ ሸሚዝ ያስተማሩኝ እዚህ እሳቸው ናቸው» ብላ ወደ ባለቤቱ አመለከተችኝ።

ሱሪዬን ይዤ ወጣሁ፤ ነገሯ ግን ተከትሎኝ ቤት ገባ።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ከዓለም ገበያ ጋር ልንተሳሰር ነው ተብሎ እልል አልን። እኔም እልል ካሉት አንዱ ነኝ፤ አልዋሽም። ለመሆኑ በምን ተሳሰርን? ጨርቁ፣ ክሩና ቁልፉ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ይገባል። ንድፉ ባሕር ማዶ ይወጣል፤ ገዢውም ዋጋ ቆራጩም እዚያው ነው። የእኛ ድርሻ እጅ ነበር። እሱንም ለገበያ ያቀረብነው «ርካሽ» ብለን ነው።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ቃል ይከነክነኛል። በአማርኛ ዕቃ ርካሽ ሲባል ምስጋና ነው፤ ሰው ርካሽ ሲባል ስድብ ነው። የሰው ልጅ ፊት ለፊት «አንቺ ርካሽ» ብትሉ ልደታ ፍርድ ቤት ልትቆሙ ትችላላችሁ። «ርካሽ የሰው ኃይል አለን» ብሎ ለባለሀብት መለፈፍ ግን ኢንቨስትመንት ማስፋፋት ተባለ።

ምን ያህል ርካሽ? በ2011 ዓ.ም. የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የልብስ ስፌት ሠራተኛችን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ያህል እንደሆነ፣ ልብስ አምራች ከሆኑ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው እሱ መሆኑን ጻፈ። አንደኛ ወጣን ማለት ነው፤ ከታች።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ኅዳር 2014 ዓ.ም. የፓርኩ ትልቅ ስም የነበረው ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። በወሩ ደግሞ አሜሪካ ከአጎዋ አስወጣችን፤ ከቀረጥ ነፃ የምንሸጥበት በር ተዘጋ። ጦርነቱን ባለሀብት አልለኮሰውም፤ ያ የራሳችን ኃጢአት ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ እንግዳው ሲሄድ ምን ቀረልን?

«ሥራ ከማጣት ይሻላል፤ ባንግላዴሽም በርካሽ ነው የጀመረችው» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። እውነቱን ነው፤ ግን የነገረኝ ግማሹን ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ዴሽ የተባለው የባንግላዴሽ ፋብሪካ ከኮሪያው ዴዉ ጋር ሲዋዋል 130 ያህል ሠራተኞቹን ኮሪያ ልኮ አሠለጠነ። አብዛኞቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለቀው ወጡ፤ ገሚሱ የራሱን ፋብሪካ ከፈተ፣ ገሚሱ የሌላውን አቋቋመ። ርካሹ ጉልበት የመግቢያ ዋጋ ነበር፤ የገዙበት ሙያ ነው። እኛ መግቢያውን ከፍለን በር ላይ ቀረን። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይሉ የለ!

ስለዚህ የሚቀጥለው ባለሀብት ሲመጣ (ይምጣ፣ እሰየው!) ሼድ ከመስጠታችን በፊት እንጠይቀው። ስንት ንድፍ አውጪ፣ ስንት የቅድ ባለሙያ፣ ስንት የመስመር ኃላፊ ከእኛ ልጆች ታወጣለህ? በስንት ዓመት? የአገሩን ጥጥ መቼ ትጠቀማለህ? ውሉ ላይ ይጻፍ። መልስ የሌለውን በሰላም እንሸኘው።

ልጅቷን ሙሉ ሸሚዝ ያስተማራት የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ነው። ያለው ሁለት የስፌት መኪና ነው። ስድስት ወር በቃው።