ቡናን ማን አየው?

ታህሳስ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና መጠቀች። ሁላችንም ፖስት አደረግን፣ ባንዲራ ለጠፍን። በዚያው ሳምንት ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ከኢትዮጵያ የቀረቡ ሁለት ስሞችን አጽድቋል፤ ለአንድ ኮከብ «ቡና»፣ ለምትዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል»። ይህን ስንቶቻችን ሰማን? የሰማነውስ ብንሆን መቼ ቀና ብለን ፈለግነው?

እኔ በሄድኩባቸው የአስትሮኖሚ ስብሰባዎች ስላይድ አይቻለሁ፣ ሰርተፍኬት ሲታደል አይቻለሁ፣ ስለ ሀገር ገጽታ የተደረገ ረጅም ንግግር ሰምቻለሁ። ሰማይ ግን አላየሁም። እንዴት ልይ? ስብሰባው የሚጠራው ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ነው!

ለምን ማታ አይሆንም ስትል መልሱ ዝግጁ ነው፦ «አዲስ አበባ መብራት በዝቷል፣ ምንም አይታይም።» ይሄ ለተመራማሪ እውነት ነው። እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ተተክለው እንኳ የከተማው ብርሃን ይፈትናቸዋል። ለጀማሪ ግን ሰበብ ነው። የጨረቃ ጉድጓዶችም ሆኑ የጁፒተር አራት ትልልቅ ጨረቃዎች ከጀሞ ኮንዶሚኒየም ግቢ በተራ ባይኖኩላር ይታያሉ፤ ክንድህን ግድግዳ ላይ ካስደገፍክ በቃ። (መብራት ሲጠፋማ ሰፈራችን ራሱ ኦብዘርቫቶሪ ነው፤ ለአንዴ እንኳ መብራት ኃይልን እናመስግን።)

«ዳቦ ሳይኖር ኮከብ?» የሚለውን ወንድሜን አከብረዋለሁ። ግን ገንዘቡ የሚሄደው ለአዳራሽ፣ ለባነርና ለሻይ እንጂ ለሰማይ አይደለም። ሰማይ ኪራይ አያስከፍልም።

የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲን በ1996 ዓ.ም. የመሠረቱት 47 ሰዎች ናቸው። የጀሞ ኮንዶሚኒየም ሁለት ብሎክ ብቻ ከዚያ በላይ ነዋሪ አለው። ታዲያ ላፍቶ፣ ለቡ፣ ሃይሌ ጋርመንት በወር አንድ ማታ ተሰብስቦ ቀና ለማለት የማንን ደብዳቤ ነው የምንጠብቀው? የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ለመኪና ማቆሚያ ሲጣላ የሚያድርበት ግቢ ለሁለት ሰዓት ይበቃናል። የዘበኛው ልጅ በባይኖኩላር ጨረቃን ካየ፣ ለእኔ ያ ስብሰባ ከአሥር ሲምፖዚየም ይበልጣል።

ቡና በባዶ ዓይን አይታይም፣ በባይኖኩላር ግን ይደረስበታል። ብርሃኑ እኛ ጋ እስኪደርስ ወደ 200 ዓመት ይፈጅበታል። ታህሳስ አጋማሽ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ፊትህን ወደ እንጦጦ አዙር፤ ከተራራው በላይ፣ ከግማሽ ሰማይ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አንድሮሜዳ የሚባለው የኮከብ ስብስብ ውስጥ ነው። ኮከቦቹን የሚያሳይ ነፃ አፕ ስልክህ ላይ ጫን። ባይኖኩላር ያለው ጎረቤት ካለ አንኳኩበት።